በመዝናኛ መርከብ ላይ ለከፍተኛ ደረጃ ክፍል ተጨማሪ መክፈል መቼ ያዋጣል? ደረጃ በደረጃ የሚሠራ ስሌት

በአንድ የመዝናኛ መርከብ ላይ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል የያዘውና በላይኛው ወለል ባለ ሳሎን ስዊት የያዘው መንገደኛ በአንድ ሰዓት ከወደብ ይነሣሉ፣ በአንድ ሰዓት ይደርሳሉ፣ ማታም በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው አንድ ትርኢት ያያሉ። የከፈሉት ዋጋ ግን በሁለት ወይም በሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በበለጠ ሊራራቅ ይችላል። ይህ መመሪያ የሚያገለግለው በዚህ ልዩነት ፊት ቆሞ «ልጨምር ወይስ ይቅርብኝ?» ብሎ ለሚያመነታ ሰው ነው። ዋናው ሐሳቡም ተጨማሪው ገንዘብ ስፋትን፣ እይታንና መግቢያን ማለትም ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ጥቅል እንደሚገዛ፣ ሦስቱም በየጉዞው የተለያየ ዋጋ እንዳላቸውና ውሳኔው የሚበላሸው እንደ አንድ ዕቃ ሲታዩ እንደሆነ ማሳየት ነው።

ደረጃ 1፦ የሚሸጥልዎ ነገር ምን እንደሆነ ይለዩ

የመርከብ ክፍሎች በጥቅሉ በአራት ይመደባሉ፦ መስኮት የሌለው ውስጠኛ ክፍል፣ የማይከፈት መስኮት ያለው ክፍል፣ በረንዳ ያለው ክፍልና ስዊት። በትልልቅ መርከቦች ላይ ውስጠኛ ክፍል ብዙውን ጊዜ ከ13 እስከ 17 ካሬ ሜትር ይሰፋል። በረንዳ ያለው ክፍልም ከውስጥ ሲለካ ከዚህ ብዙ አይበልጥም፤ ለእሱ የሚጨመረው ገንዘብ በዋናነት የሚከፈለው ለብርሃን፣ ለአየርና ለእይታ ነው። ከዚያ በላይ ሲወጡ ግን ነገሩ መልኩን ይቀይራል። ክፍሉ እየሰፋ ሲሄድ ከክፍሉ ጋር የማይታዩ ነገሮች መሸጥ ይጀምራሉ፦ የተለየ ምግብ ቤት፣ የተለየ ላውንጅ፣ የተለየ መዋኛና የፀሐይ መሞቂያ ወለል፣ ወረፋ ሳይጠብቁ መሳፈርና መውረድ፣ የግል አስተናጋጅ። እኔ «መግቢያ» የምለው ይህን ነው፤ ትልቁ ገንዘብም የሚሄደው ወደዚህ ነው።

በዚህ ረገድ መጀመሪያ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ከስሙ ነው። «ስዊት» የሚለው ቃል በየኩባንያው የተለያየ ነገር ስለሚያመለክት፣ ስሙን ብቻ አይቶ የሚከፍል ሰው የጠበቀውን ላያገኝ ይችላል። በሮያል ካሪቢያን መርከቦች ላይ ጁኒየር ስዊት ሰፋ ያለ በረንዳማ ክፍል ቢሆንም የስዊት እንግዶች ወደሚገቡበት ላውንጅ አያስገባም። ኖርዌጂያን ክሩዝ ላይን «ክለብ ባልኮኒ ስዊት» ብሎ የሚሸጠው ክፍልም ዘ ሄቭን ወደሚባለው የተከለለ ክፍል መግቢያ የለውም። በኤምኤስሲም እንዲሁ ነው፤ አውሪያ ስዊት የያዘ መንገደኛ ያክት ክለብ ወደሚባለው የኩባንያው የተከለለ ክፍል አይገባም። ሦስቱም ምድቦች በስም ከፍ ያሉ፣ በዋጋም ከተራ በረንዳ የሚበልጡ ናቸው፤ ሻጩ ግን በዋናነት የሸጠው ስፋት ነው።

የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ የሚያምሩ ፎቶግራፎችን ይለፉና የምድቡን የጥቅማ ጥቅም ዝርዝር ያውጡ። በአንድ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ሠርተው እያንዳንዱን ጥቅም በስፋት፣ በእይታ ወይም በመግቢያ ሥር ይጻፉት። በመቀጠል የማይጠቀሙበትን ይሰርዙ። የእንኳን ደህና መጡ ጠርሙስ፣ የተሻለ የመታጠቢያ ሳሙና፣ የገላ ካባ፣ በትሪ የሚመጣ ፍራፍሬ፣ የትራስ ምርጫ የሚባሉት ሁሉ ዝርዝሩን ለማስረዘም የሚጻፉ በመሆናቸው ያለ ጸጸት ሊሰረዙ ይችላሉ። ከተሰረዘ በኋላ የሚቀረው ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ አስገራሚ በሆነ መጠን ያጥራል።

ደረጃ 2፦ ከክፍሉ በፊት መስመሩን ያንብቡ

ይህ ደረጃ ከሁሉም የሚበልጥ ስለሆነ ጊዜ ይስጡት። አንድ ክፍል በአንድ መስመር ላይ ለዋጋው የሚገባ፣ በሌላ መስመር ላይ ደግሞ ገንዘብ ማባከኛ ሊሆን ይችላል። መርከቡ በባሕር ላይ የሚውልባቸውን ቀናት ወደብ ላይ ከሚቆምባቸው ለይተው ይቁጠሩ፤ ከዚያም መርከቡ ከውቅያኖስ ሌላ የሚታይ ነገር ባለበት በቀን ብርሃን ስንት ሰዓት እንደሚጓዝ ይመልከቱ።

በረንዳ ዋጋውን በግልጽ የሚመልሰው መርከቡ ራሱ የሚጎበኘው ቦታ አካል በሚሆንባቸው መስመሮች ነው። የኖርዌይ ፊዮርዶች፣ ማለትም በገደላማ ተራሮች መካከል ወደ የብስ የሚዘልቁ ጠባብ የባሕር ወሽመጦች፣ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። በ2005 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የጋይራንገር ፊዮርድ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ስላለው፣ መርከቡ በገደሎቹና በፏፏቴዎቹ መካከል በዝግታ ሲገባና ሲወጣ ያለው ጊዜ ከወደቡ ጉብኝት ያላነሰ ዋጋ አለው። በአላስካም ግሌሲየር ቤይ ብሔራዊ ፓርክ በቀን ከሁለት የማይበልጡ ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦችን ብቻ ያስተናግዳል፤ የገቡት መርከቦች ማንንም ሳያወርዱ ቀኑን በበረዶ ግግሮቹ ፊት ያሳልፋሉ፣ የፓርኩ ጠባቂዎችም ተሳፍረው ማብራሪያ ይሰጣሉ። በእንዲህ ያለ ቀን ብርድ ልብስ ደርቦ ከራስ በረንዳ ማየት ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም አንድ ነገር አይዘንጉ፦ መርከቦቹ በግግሩ ፊት ሁለቱም ጎን እንዲያይ ስለሚዞሩና የሕዝብ ወለሎቹ ለሁሉም ክፍት ስለሆኑ፣ ውስጠኛ ክፍል የያዘም ሰው ጃኬቱን ለብሶ ከወጣ የሚያመልጠው ነገር የለም። በረንዳ ያለው ሰው የሚበልጠው በምቾትና በጸጥታ ነው። ከቫንኩቨር ተነሥተው ወደ ሰሜን በሚሄዱ የአንድ አቅጣጫ ጉዞዎች የባሕሩ ዳርቻ በአብዛኛው በመርከቡ ቀኝ ጎን ይታያል፣ ሲመለስ ደግሞ በግራ። ስለዚህ በረንዳ ለመግዛት ከወሰኑ ጎኑንም ይምረጡ፤ ጎን መምረጥ አብዛኛውን ጊዜ ተጨማሪ ገንዘብ አያስከፍልም።

የሜዲትራኒያን ጉዞ ብዙውን ጊዜ የዚህ ተቃራኒ ነው። መርከቡ ሌሊት ይጓዛል፣ ጠዋት ወደብ ይደርሳል። ሮምን ለማየት ከቺቪታቬኪያ ወደብ ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ መጓዝ ስላለበት መንገደኛው ማልዶ ይወጣል፣ ሲመሽ ደክሞ ይመለሳል፣ በልቶም ይተኛል። እንዲህ ያሉ ቀናት ተደራርበው ባሉበት ሳምንት ሰፊ ሳሎን ያለው ስዊት ውድ የመኝታ ቦታ ከመሆን አያልፍም። በዚህ መስመር ላይ ከከፍተኛ ምድብ ጥቅሞች የሚፈለገው አንዱ ቀድሞ የመውረድ መብት ብቻ ሊሆን ይችላል። ሳንቶሪኒን የመሰለ ደሴት ላይ መርከቡ መልሕቁን ጥሎ መንገደኞችን በትንንሽ ጀልባዎች ያወርዳል፤ ከወደቡ ወደ ከተማው ለመውጣትም በገመድ መኪና ወረፋ መጠበቅ ወይም ከ500 በላይ ደረጃዎችን መውጣት ያስፈልጋል፤ ቀድሞ የወረደ ሰው ይህን ወረፋ ይቀድማል። ነገር ግን ለአንድ ጠዋት ብልጫ ሲባል የሳምንቱን ዋጋ በእጥፍ መክፈል ለማንም አልመክርም።

ሦስተኛው ዓይነት ረጅም የባሕር ጉዞ ነው። ኩዊን ሜሪ 2 በሳውዝሃምፕተንና በኒው ዮርክ መካከል በሰባት ሌሊት ሲያቋርጥ በመካከሉ ወደብ የለም። በዚህ ጉዞ ላይ ከመርከቡ ውጭ መሄጃ ስለሌለ ከፍተኛ ምድብ ሙሉ ዋጋውን የሚያወጣ ይመስላል፤ ነገሩ ግን በከፊል ብቻ እውነት ነው። ሰሜን አትላንቲክ ነፋሻማና ቀዝቃዛ በመሆኑ በረንዳው ብዙ ቀን ባዶውን ይቀመጣል። በአንጻሩ ግሪልስ የሚባለው የመርከቡ ከፍተኛ ምድብ እንግዶች የሚመገቡባቸው የተለዩ ምግብ ቤቶችና ላውንጃቸው በቀን ሦስት ጊዜ ያገለግላሉ። ስለዚህ እዚያ እይታን ትቶ ለመግቢያው መክፈል ስሜት ይሰጣል። ሙሉውን የግሪልስ ዋጋ መክፈል ለማይፈልግ ሰውም የመርከቡ ባለቤት ኩናርድ ብሪታኒያ ክለብ የሚባል ምድብ አለው፤ ክፍሉ የበረንዳ ክፍል ሲሆን አነስ ያለና ጸጥ ያለ የተለየ ምግብ ቤት ይጨምራል።

ወደ አንታርክቲካ በሚሄዱ የጥናትና የአሰሳ መርከቦች ላይ ጉዳዩ በአጭሩ ያልቃል። በአካባቢው የሚሠሩ አስጎብኚዎች በሚከተሉት ደንብ መሠረት በአንድ ጊዜ በአንድ ቦታ መሬት ላይ ከ100 የማይበልጡ ሰዎች ስለሚወርዱና ብዙ ሰው የሚጭን መርከብ መንገደኞቹን በተራ ስለሚያወርድ፣ ተጨማሪ ገንዘብ ካለዎ ጥቂት መንገደኞች የሚይዝ መርከብ ላይ ተራ ክፍል ይያዙ። ብዙ ሰው በሚጭን መርከብ ላይ ከሚያዝ ስዊት ይልቅ ይህ የተሻለ ነው፤ ዓሣ ነባሪ ታየ ሲባልም ሁሉም ወደ ክፍት ወለሉ ይሮጣል።

ደረጃ 3፦ የማስታወቂያውን ዋጋ ወደ እውነተኛው ዋጋ ይለውጡ

የሚታየው ዋጋ ብዙውን ጊዜ በአንድ ክፍል ሁለት ሰዎች እንደሚያድሩ ታስቦ ለአንድ ሰው የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ ልዩነቱን በሁለት ማባዛት ግድ ነው። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ደግሞ በአብዛኛው የሁለተኛውንም ሰው ድርሻ ስለሚከፍል ልዩነቱ በእሱ ላይ ይከብዳል። ኖርዌጂያን በ2010 በኤፒክ መርከቡ የጀመረው የብቸኛ መንገደኞች ትንንሽ ክፍል የራሱ ላውንጅ ያለው በመሆኑ፣ ብቻቸውን ለሚጓዙ ሰዎች ከስዊት በፊት ሊታይ የሚገባው ነው። በሌላ በኩል ሦስተኛና አራተኛ ሰው በአንድ ክፍል ሲጨመሩ ዋጋቸው ከመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሊያንስ ስለሚችል፣ አንድ ስዊት ለአራት ሲከፈል ልዩነቱ ሊጠብ ይችላል።

የወደብ ክፍያና ግብር በክፍሉ ደረጃ አይለያዩም፤ ስለዚህ በሁለቱም በኩል አውጥተው ልዩነቱን በንጹሕ ዋጋ ያወዳድሩ። በየቀኑ የሚታሰበው የአገልግሎት ጉርሻ ግን በብዙ ኩባንያዎች ለስዊት እንግዶች ከፍ ይላል፤ ይህን ይጨምሩ። የጉዞ ኢንሹራንስም ብዙ ጊዜ በጉዞው ጠቅላላ ዋጋ ላይ ተመሥርቶ ስለሚሰላ አብሮ ይጨምራል።

ከዚህ በኋላ ተቀናሹ ይመጣል፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ያክት ክለብ ዋጋው ውስጥ መጠጥን፣ የግል ምግብ ቤትንና የሃያ አራት ሰዓት አስተናጋጅን ያካትታል፤ በኦአሲስ ዓይነት የሮያል ካሪቢያን መርከቦች ላይ ስታር ክላስ የሚባለው ምድብ መጠጥን፣ ልዩ ምግብ ቤቶችን፣ ኢንተርኔትንና ጉርሻን ያጠቃልላል። ሻጮች የእነዚህን ሁሉ የነጠላ ዋጋ ደምረው «ይህን ያህል ያተርፋሉ» ይላሉ። እርስዎ ግን መቀነስ ያለብዎ በተራው ክፍል ቢሆኑ ኖሮ በራስዎ ገንዘብ ይገዙት የነበረውን ብቻ ነው። አልኮል የማይጠጣ ሰው የመጠጥ ፓኬጁን ዋጋ እንደ ትርፍ መቁጠር የለበትም። የሚጠጣ ሰው ደግሞ ብዙ ኩባንያዎች በአንድ ክፍል ካሉት አዋቂዎች አንዱ የአልኮል ፓኬጅ ከገዛ ሌሎቹም እንዲገዙ እንደሚያስገድዱ ማወቅ አለበት፤ በዚህ ጊዜ ተቀናሹ ይተልቃል።

ነገሩን በምሳሌ ቁጥር እናስላው፤ ቁጥሮቹ አሠራሩን ለማሳየት የተመረጡ ናቸው። ለሰባት ሌሊት በረንዳ ያለው ክፍል ለአንድ ሰው 1,500 ዶላር፣ መግቢያ ያለው ስዊት 3,400 ዶላር ነው እንበል። ለሁለት ሰዎች ልዩነቱ 3,800 ይሆናል። የስዊቱ ጉርሻ በቀን በሰው 3 ዶላር ቢበልጥና ዋጋው ውስጥ ባይካተት 42 ይጨመራል፤ ድምሩ 3,842 ነው። ባልና ሚስቱ በተራው ክፍል ቢሆኑም መጠጥ በቀን በሰው 70 ዶላር (በጠቅላላው 980)፣ ኢንተርኔት በቀን በሰው 20 ዶላር (280)፣ እንዲሁም ሁለት ማታ በልዩ ምግብ ቤት በሰው 50 ዶላር (200) ያወጡ ነበር ቢባል፣ ተቀናሹ 1,460 ነው። የሚቀረው ንጹሕ ልዩነት 2,382 ዶላር ይሆናል። የማይጠጡ ቢሆኑ ግን የሚቀነሰው 480 ብቻ ስለሆነ ልዩነቱ 3,362 ላይ ይቆማል። አንድ ክፍል ነው፣ አንድ መርከብ ነው፤ በሁለቱ ጥንዶች መካከል ግን ወደ አንድ ሺህ ዶላር የሚጠጋ ልዩነት አለ።

ደረጃ 4፦ ንጹሑን ልዩነት በሚጠቀሙበት ሰዓት ያካፍሉ

የሚተኙበት ሰዓት አይቆጠርም፤ ጨለማ ውስጥ ሁሉም ክፍል አንድ ነው፣ እንዲያውም ለእንቅልፍ ውስጠኛ ክፍልን የሚያህል የለም። የሚቆጠረው ነቅተው በሳሎኑ፣ በበረንዳው፣ በተከለለው ወለል፣ በላውንጁና በልዩው ምግብ ቤት የሚያሳልፉት ጊዜ ነው። ለባሕር ቀን ስድስት ሰዓት፣ ለሌሎቹ ቀናት ሁለት ሰዓት ብለው ቢገምቱ ከእውነት ብዙ አይርቁም። ከላይ ባለው ምሳሌ ሦስት የባሕር ቀንና አራት ሌሎች ቀናት ካሉ 26 ሰዓት ይሆናል፤ 2,382 ለ26 ሲካፈል በሰዓት ለሁለት ሰው 92 ዶላር ገደማ ነው። አንድ ብቻ የባሕር ቀን ባለበት ጉዞ ሰዓቱ ወደ 18 ይወርድና ዋጋው በሰዓት ወደ 132 ዶላር ይወጣል። የማይጠጡት ጥንዶች ደግሞ በሦስቱ የባሕር ቀናትም ቢሆን 129 ዶላር ይከፍላሉ።

እዚህ ላይ ለራስዎ አንድ ግልጽ ጥያቄ ያቅርቡ፦ «በየብስ ላይ ብሆን ጸጥ ያለ መቀመጫ፣ መልካም አገልግሎትና የባሕር እይታ ለማግኘት በሰዓት ይህን እከፍላለሁን?» አንዳንዱ ያለ ማመንታት አዎን ይላል። ሕዝብ የሚያስጨንቀው፣ በመዋኛ ዙሪያ መቀመጫ ፍለጋ የሚያማርረው፣ ድምፅ የሚያውከው፣ ወይም በሕመም ምክንያት በየጊዜው ማረፍ ያለበት ሰው ለእነዚህ ሰዓታት የሚሰጠው ዋጋ ከሌላው የተለየ ነው፤ ማንም ሊከራከረው አይገባም። ከ5,000 በላይ መንገደኞች በሚጭን መርከብ ላይ የተከለለ ወለል የሚያስገኘው እፎይታ 700 ሰዎች ብቻ በሚጭን መርከብ ላይ የለም፤ እዚያ ሁሉም ወለል ጸጥ ያለ ነውና። ከጠዋት እስከ ማታ ውድድር፣ ዳንስ፣ መንሸራተቻና ትርኢት የሚያሳድድ ሰው ደግሞ ሰዓቱን በሐቀኝነት ከቆጠረ ከአሥር ላይዘል ይችላል።

ደረጃ 5፦ የመርከቡን የወለል ንድፍ ዘርግተው ክፍሉ የት እንደሆነ ይዩ

ውድ ክፍል የተሻለ ቦታ ላይ ነው ማለት አይደለም። የመርከብ መናወጥ የሚቀንሰው በታችኛው ወለልና በመርከቡ ወገብ አካባቢ ሲሆን፣ ስዊቶች ግን ብዙ ጊዜ የሚገኙት በላይኛው ወለል፣ ከዚያም አልፎ በፊት ወይም በኋላ ጫፍ ላይ ነው። የባሕር ማቅለሽለሽ የሚያስቸግረው ሰው ማዕበል በሚበዛበት መስመር ላይ የተወደደውን ክፍል ገዝቶ ከተራው መንገደኛ የበለጠ ሊታመም ይችላል። ለእንዲህ ያለ ሰው ታች ባለው ወለል መካከል ላይ ያለ መስኮት ያለው ክፍል ከስዊት ይሻላል።

ከላይዎ ያለውንም ወለል ይመልከቱ። ከመዋኛው ወለል ሥር ያለ ክፍል ገና ሳይነጋ የወንበር መጎተት ድምፅ ይሰማዋል፤ ከምሽት ክለብ ወይም ከስፖርት ሜዳ ሥር ያለውም እንዲሁ። በንድፉ ላይ ነጭ ሆነው ስም ያልተጻፈባቸው ቦታዎች የሠራተኞች መሥሪያ ወይም ማከማቻ ሊሆኑ ይችላሉ። እይታው በነፍስ አድን ጀልባ የተጋረደ ክፍል አብዛኛውን ጊዜ በቅናሽ ይሸጣል፤ ብርሃን እንጂ እይታ ለማይፈልግ ሰው ጥሩ ግዢ ነው። የበረንዳውንም ዓይነት ያጣሩ፦ ሰለብሪቲ ከ2018 ጀምሮ በኤጅ ዓይነት መርከቦቹ ላይ ያስገባው «ኢንፊኒት ቬራንዳ» የተለየ በረንዳ ሳይሆን የላይኛው መስታወቱ ወደታች የሚወርድ መስኮት ያለው የክፍሉ ጫፍ ነው። አንዳንዱ ይወደዋል፤ ወጥቶ በነፋስ መቀመጥ ያማረው ግን ቅር ይለዋል።

ደረጃ 6፦ ስዊቱን ከትክክለኛ ተፎካካሪዎቹ ጋር ያወዳድሩ

ስዊትን ከውስጠኛ ክፍል ጋር ብቻ ማወዳደር የተሟላ መልስ አይሰጥም። ትክክለኛው ጥያቄ በዚያው ገንዘብ ሌላ ምን ይገኛል የሚለው ነው።

ለአራት ሰዎች ቤተሰብ ዋናው ተፎካካሪ በመካከላቸው በር ያላቸው ሁለት ተራ ክፍሎች ናቸው። ሁለት መታጠቢያ ቤት ያገኛሉ፣ ልጆቹ ሲተኙ ወላጆች መብራት አብርተው መቀመጥ ይችላሉ፣ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ከአንድ ስዊት ያንሳል። በእኔ ግምት መግቢያን ለማይፈልግ ቤተሰብ ይህን የሚያሸንፍ ስዊት ጥቂት ነው።

ለሁለት ሰዎች ደግሞ ተራ በረንዳ ይዞ የሚፈለገውን ጥቅም ለብቻው መግዛት ይቻላል። ብዙ መርከቦች ላይ የእንፋሎትና የሞቀ ወንበር ክፍሎች ያሉት የስፓ መግቢያ ለሳምንት በነጠላ ይሸጣል፤ በአንዳንዶቹም ለአዋቂዎች ብቻ የተከለለ ወለል በቀን ክፍያ ያስገባል። የሰለብሪቲ አኳ ክላስ ክፍሎች በስፋት ከተራ በረንዳ ባይለዩም ብሉ የሚባል የተለየ ምግብ ቤትና የስፓ መግቢያ ስለሚጨምሩ፣ ለስፓ ወዳድ ከስዊት በፊት የሚታዩ ናቸው። በተቃራኒው ከላይ የጠቀስኳቸው መግቢያ የሌላቸው መካከለኛ ስዊቶች በአብዛኛው ደካማው ግዢ ናቸው፤ ጥቂት ካሬ ሜትርና ሰፋ ያለ መታጠቢያ ቤት ለማግኘት ብዙ ይከፈልባቸዋል። መግቢያውን ብቻ የሚፈልግ ሰው በአንዳንድ የኤምኤስሲ መርከቦች ላይ ያክት ክለብ ውስጥ ያሉትን መስኮት የሌላቸው ክፍሎች ይመልከት፤ ምግብ ቤቱ፣ ላውንጁና መዋኛው ያው ሆኖ ዋጋው ዝቅ ይላል።

ብዙዎች የሚዘነጉት ተፎካካሪ ሌላ መርከብ ነው። ሪጀንት ሰቨን ሲስ፣ ሲልቨርሲ፣ ሲቦርንና በ2023 ሥራ የጀመረው ኤክስፕሎራ ጆርኒስ ሁሉንም እንግዶቻቸውን በስዊት የሚያሳድሩ ሲሆን መጠጥና ጉርሻም በዋጋቸው ውስጥ ነው፤ ሪጀንት ብዙ የወደብ ጉብኝቶችንም ይጨምራል። የትልቅ መርከብ ከፍተኛ ስዊት ዋጋ ከእነዚህ መርከቦች መነሻ ዋጋ ጋር የሚቀራረብበት ጊዜ ስላለ፣ በአንድ ወር ውስጥ ተመሳሳይ መስመር ፈልገው ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀምጡ። ምርጫው በጠባይ ይወሰናል። ልጆች ካሉ፣ ትልልቅ ትርኢቶችና ብዙ ጨዋታ ከተፈለገ፣ በትልቁ መርከብ ውስጥ ያለው የተከለለ ክፍል ይሻላል፤ ጸጥታ ብቻ ከተፈለገ ግን ጸጥታውን በአጥር ከሚሸጥ መርከብ ይልቅ ሙሉ በሙሉ ጸጥ ያለው ይመረጣል።

ደረጃ 7፦ ከወሰኑ በኋላ አያያዙን ያስተካክሉ

ስዊቶች ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ የሚፈለግ ወቅት ላይ ቀድመው ያልቃሉ፤ የተወሰነ ክፍል የሚፈልግ ሰው ቀድሞ መያዝ ይኖርበታል። ከመያዝዎ በፊት ቀብዱ ተመላሽ መሆን አለመሆኑን ይጠይቁ፣ ለከፍተኛ ምድብ ደንቡ ጠበቅ ሊል ይችላልና።

ለተራ ክፍል ከፍለው ከጉዞው በፊት ለተሻለ ክፍል ዋጋ የሚያቀርቡበት ጨረታም አለ፤ ሮያል ካሪቢያን «ሮያል አፕ»፣ ሰለብሪቲ «ሙቭ አፕ» ይሉታል። በጨረታው የሚጻፈው ገንዘብ ለአንድ ሰው ሆኖ የሚከፈለው ለሁለት እንደሆነ አይርሱ። ካሸነፉ ገንዘቡ ወዲያው ይቆረጣል፣ መመለሻም የለውም፤ የክፍሉን ቦታም እርስዎ አይመርጡም። ስለዚህ ማቅለሽለሽ የሚያስቸግረው፣ ወይም ከዘመዶቹ አጠገብ ክፍል የያዘ ሰው በጨረታው ባይገባ ይሻለዋል። ሌላው ሰው ግን በደረጃ 4 ለአንድ ሰዓት ለመክፈል የወሰነውን ዋጋ በሚጠቀምበት ሰዓት ብዛት ያባዛና በጠቅላላው ከዚያ የማያልፍ ገንዘብ ይጻፍ። ምድቡን ብቻ አረጋግጦ የክፍሉን ቁጥር ለኩባንያው የሚተው አያያዝም በቅናሽ ይገኛል፤ ለውስጠኛ ክፍል ምንም አይጎዳም፣ ለበረንዳ ግን ጎንና ወለል ስለሚያሳጣ ለፊዮርድና ለበረዶ ግግር ጉዞ አልመርጠውም።

በአንዳንድ አገሮች የሽያጭ ደንብ መሠረት የመጨረሻው ክፍያ ቀን ከመድረሱ በፊት ዋጋ ከቀነሰ በአዲሱ ዋጋ ማስተካከል ይፈቀዳል። ያን ቀን በቀን መቁጠሪያዎ ላይ ይጻፉ፤ እስከዚያው በየሳምንቱ የሁለቱን ምድቦች ዋጋ እያዩ ልዩነቱን ይመዝግቡ። ልዩነቱ በሰዓት ተካፍሎ ለመክፈል ከወሰኑት የሰዓት ዋጋ በታች በወረደ ቀን ለኩባንያው ወይም ለጉዞ ወኪልዎ ይደውሉና፣ ክፍሉ ከመቀየሩ በፊት አዲሱ ምድብ የሚያካትታቸውን ጥቅሞች ዝርዝር በጽሑፍ እንዲልኩልዎ ያድርጉ።